ከሶስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ፤ አመራረጡና አተካከሉ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ወጡን አያጣፍጥ ይሆናል፤ ማገዶውን ግን በደንብ ይነካል። ሶስት ድንጋይ ላይ በተጣደ ምጣድ ስር እሳት ሲነድ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነበልባሉ የት የት እንደሚሄድ ያውቃል። ግማሹ በየክፍተቱ እየሾለከ የጋጋሪዋን ጉልበት ይለበልባል፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፤ ምጣዱ በዚህ በኩል ሲያር በዚያ በኩል ሊጡ ጥሬውን ይቀራል።

እዚህ የምጽፈው የእንጀራ ምጣድ የሚጣድበትን «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ እንዴት መርጦ መግዛትና ማድ ቤት ውስጥ መትከል እንደሚቻል ነው። ደብረ ብርሃን ባለው የእናቴ ማድ ቤት ሁለቴ ተክያለሁ፤ የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቶቿም ተክያለሁ። አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር፦ ሰው ምድጃውን ገዝቶ ቤት ሲያስገባ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ማገዶ የሚቆጥበው ግን ክፍተት አለመኖሩ ነው፤ ምድጃው የተሠራበት ሲሚንቶ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ከገበያው ይልቅ ስለ ጭቃው ብዙ እላለሁ።

የትኛው ምድጃ ለየትኛው ሥራ

«ቆጣቢ ምድጃ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ላቀች የከሰል ነው፤ ለቡና፣ ለሻይ፣ ለትንሽ ድስት ይሆናል። ትክክል የሚባለው ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነ የእንጨት ምድጃ ነው፤ እሱም ለድስት ነው እንጂ ለምጣድ አይደለም። ጎንዝዬ ከሸክላ ይሠራል፣ ምጣድም ድስትም ይጣድበታል፤ ቀላል ነው፣ ግን ሸክላ እንደመሆኑ ቶሎ ይሰበራል። ምርጥ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ግንበኞች ሬድ አሽ ከሚሉት ቀላል ድንጋይ የሚሠራ፣ ለምጣድ ተብሎ የታሰበ ምድጃ ነው።

ምርጥ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ባለሙያዎች እጅ የወጣ ነው። በኋላ የጀርመኑ የልማት ድርጅት፣ ያኔ ጂቲዜድ ይባል የነበረው፣ አነስተኛ አምራቾችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው። ዛሬ በብዙ ወረዳ ከተሞች የሚሠሩት ሰዎች አሉ፤ የት እንዳሉ ካላወቃችሁ የወረዳውን የኢነርጂ ባለሙያ ጠይቁ።

እኔ ብጠየቅ እንጀራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በእንጨት ለሚጋገርበት ቤት መጀመሪያ ምርጥ ይገዛ እላለሁ። ከቤቱ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣድ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላለውም ቢሆን መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ እየኮመጠጠ ከመጠበቅ ያድናል። በፈተና ጊዜ ከሶስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ታይቷል። እርጥብ እንጨት እየማገዳችሁ፣ ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹን አትጠብቁ።

ምጣዱን ሳትለኩ ገበያ አትውጡ

የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኼ ነው። «ምጣድ ምጣድ ነው» ብዬ ገዝቼ መጣሁ። የምድጃውን ክብ የሚሠሩትን አራት ቁራጮች ገጣጥሜ የእናቴን ምጣድ ላስቀምጥ ስል በአንድ በኩል ጠርዙ ላይ አርፎ በሌላው ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት ጣት ያህል ጠቦ ነበር። ሌላ ምጣድ እንግዛ ስላት እማዬ ምን አለችኝ? «ምድጃውን ለምጣዴ ታመጣለህ እንጂ ምጣዴን ለምድጃህ ትጥላለህ?» ልክ ነበረች። ለዓመታት ማሰሻ የጠጣ፣ እንጀራው እንደ ወረቀት የሚነሳለት ምጣድ በቀላሉ አይተካም።

ምድጃው በአብዛኛው የተበጀው ስፋቱ 58 እስከ 60 ሳንቲሜትር ለሆነ ምጣድ ነው። የሸክላ ምጣድ ደግሞ በእጅ ስለሚሠራ ይለያያል፤ ፍጹም ክብ የሆነም ብዙ የለም። ስለዚህ ምጣዱን ገልብጣችሁ በሁለት አቅጣጫ ለኩ፣ በጠባቡ ልክ አንድ ቀጥ ያለ ጭራሮ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሜትር ከመያዝ ይሻላል፤ እዚያው ምድጃው ላይ አጋድማችሁ ታዩታላችሁ። ጭራሮው በየትኛውም በኩል ቢዞር ከሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር የምድጃው ጠርዝ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ምጣዱ ሲነካ ይንሸራተታል። ምጣዱ በጣም ሰፍቶ ከምድጃው ውጭ ከተንጠለጠለ ደግሞ ዳሩ እሳት ስለማያገኝ የእንጀራው ከንፈር ሁልጊዜ ጥሬ ይሆናል።

እኛ መጨረሻ ላይ አዲስ ምጣድ ገዛን። አሮጌው ዛሬም አለ፣ ቂጣ ይጋገርበታል።

አምራቹ ዘንድ ምን ታያላችሁ

ምድጃው ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ ሲገጥሙ ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፤ አንደኛው ቁራጭ የማገዶ በር አለው፣ በተቃራኒው ያለው ደግሞ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ። የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ተደግፈው የድስት መቀመጫ ይሆናሉ፤ ከምጣዱ ስር ያለፈው ትኩስ ጭስ እዚያ ላይ የተጣደ ድስት ያሞቃል። የክቡ ቁመት 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የግድግዳው ውፍረት ቀድሞ 6 ሳንቲሜትር ነበር፤ አሁን 4 ሳንቲሜትር የሆነ ቀጭንም አለ። ቀጭኑ ርካሽና ለማጓጓዝ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይሞቃል። ምድጃው ቦታ የሚቀያየር ከሆነ ወይም ልጆች የሚንጠላጠሉበት ቤት ከሆነ ግን ወፍራሙን ምረጡ።

ጥራቱን ለማወቅ ሦስት ነገር እሠራለሁ። ቁራጩን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ በትንሽ ጠጠር መታ አደርጋለሁ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ «ዱብ» ካለ ውስጡ ስንጥቅ አለበት ወይም ገና አልጠነከረም። ከዚያ ጠርዙን በቁልፍ ጫር አደርጋለሁ፤ አሸዋው እንደ ስኳር ከተራገፈ ሲሚንቶ ተቆጥቦበታል፣ ወይም ውሃ አልጠጣም። በመጨረሻ ስድስቱንም እዚያው ሜዳ ላይ አስገጥማለሁ። በመጋጠሚያው መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አልገዛም፤ ያን ክፍተት ጭቃ ለዘለዓለም አይዘውም።

መቼ እንደተሠራም ጠይቁ። ሲሚንቶ ከተጣለ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ፣ ፀሐይ ሳይመታው መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ወደ 28ኛው ቀን ግድም ነው። «ትናንትና ነው የሠራሁት፣ ትኩስ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ትኩስ ዳቦ እየገዛችሁ እንዳልሆነ አስታውሱት።

ለጉዞ በጋሪም ይሁን በባጃጅ ከስሩ ጭድ ወይም ጆንያ አንጥፉ፣ ቁራጮቹን አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ፤ በጎናቸው አቁሟቸው። ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚሰበረው በገዢው ነው።

ቦታውን መምረጥ

ማድ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ከፍታችሁ ቁሙ። ንፋሱ ከየት ነው የሚገባው? የማገዶው በር ፊት ለፊት ንፋስ እንዳይገጥመው ወደ ጎን አዙሩት፤ ቀጥታ ንፋስ ሲነፋበት እሳቱ ይጋልባል፣ ማገዶው ያልቃል፣ ምጣዱ መሀሉ ብቻ ይግላል። ጋጋሪዋ ቁጭ ወይም ቆም ስትል ጀርባዋ ወደ መተላለፊያ እንዳይሆንም አስቡ። ምጣድ ከፍታ እያሰፋች ያለችን ሴት ከኋላ ሮጦ የሚያልፍ ልጅ ሲነካት ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም።

የጭቃ ግድግዳ ውስጡ እንጨት ነው። ምርጊቱ ደህና ከሆነ ከድስት መቀመጫው እስከ ግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል ተዉ፤ ምርጊት የረገፈበትና እንጨቱ የሚታይበት ከሆነ መጀመሪያ መርጉት። ጀሪካን፣ ላምባ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከምድጃው በላይና አጠገብ አይኑር።

መደቡ

ምርጥ መሬት ላይም ይቆማል። እኔ ግን መደብ ሥሩ እላለሁ፤ ወገብን ያድናል፣ የሚድህ ሕፃንና ዶሮ እሳቱ ጋ አይደርሱም፣ የክረምት እርጥበትም ከስር አይገባም። የእናቴን መጀመሪያ በቀጥታ መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ሐምሌ ላይ ወለሉ ራሰና በአንድ በኩል ሁለት ሳንቲሜትር ሰመጠ፤ ሊጡ ሁሉ ወደዚያ እየፈሰሰ እንጀራው በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ስስ ሆነ።

ከፍታውን በጋጋሪዋ ለኩ። ቀጥ ብላ ቁማ ክንዷን ስታጥፍ ምጣዱ ከክርኗ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ቁመቷ መካከለኛ ለሆነች ሴት መደቡ 50 ሳንቲሜትር ቢሆን ከምድጃው 24 ሳንቲሜትር ጋር 74 ይመጣል፤ ይኼ ለብዙዎቹ ተስማምቷል። ቁጭ ብላ መጋገር የምትወድ ከሆነች 15 ሳንቲሜትር መደብ ይበቃል። እሷን ሳትጠይቁ አትሥሩ።

ለስፋቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ30 በቂ ነው። ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ገንቡ፣ ውስጡን በአፈርና በጠጠር ሙሉና በደንብ ጠቅጥቁ። የላይኛውን 5 ሳንቲሜትር ግን በድንጋይ አትድፈኑት። ምድጃው የሚያርፍበት ውስጠኛ ክብ ላይ ደረቅ አመድ ወይም ደቃቅ ሬድ አሽ አንጥፉ። ድንጋይ ሙቀት ይጠጣል፤ ጧት የነደደው እሳት መጀመሪያ ድንጋዩን ሲያሞቅ ነው የሚውለው። አመድ ግን ሙቀቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ሆኖ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ማቆም

መደቡ ከደረቀ በኋላ አራቱን ቁራጭ ያለ ጭቃ ገጥማችሁ ምጣዱን አስቀምጡበት። ሰፊ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ምጣዱ መሀል ላይ አኑሩ፤ ውሃው ወደየት እንዳጋደለ ታያላችሁ። ውሃ ልክ ያለው በሱ ይለካ። ዝቅ ባለው በኩል አመድ ጨምሩ እንጂ ምጣዱን በጠጠር አትደግፉ፤ በጠጠር የተደገፈ ምጣድ በሦስተኛው ጋገራ ይሰነጠቃል። ሲስተካከል የአራቱን ቁራጭ ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉ፣ አንሱና ወደ ጭቃው እንሂድ።

ጭቃው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመጀመሪያ ጊዜ እኔ መረሬ አፈር በውሃ ለውሼ በዚያው ቀን ለጠፍኩት። ሲደርቅ እንደ ኤሊ ጀርባ ተሰነጣጠቀ፣ እሳት ሲነድ በየስንጥቁ ጭስ ተፋ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ጋገረች። ዝምታዋ ከስድብ ይብሳል።

መረሬ ብቻውን አይሆንም፣ ሲደርቅ በጣም ይሸበሸባል። ቀይ አፈር ካለ እሱን፣ ከሌለ መረሬውን ከአሸዋ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉ። ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ የተነፋ አመድ፣ ከዚያ ጭድ። ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። በውሃ ለውሳችሁ፣ በእግር ረግጣችሁ፣ በጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን አቆዩት፤ በየቀኑ እንደገና ርገጡት። ለቤት ምርጊት የሚደረገው ነው እንግዲህ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሲደርስ ይሸታል፣ በእጅ ሲጨመቅ በጣቶች መሀል እንደ ቅቤ ይወጣል፣ ተድቦልቡሎ ከወገብ ከፍታ ሲጣል ይጨፈለቃል እንጂ አይበተንም።

በሲሚንቶ ብንገጥመውስ የሚል ሁልጊዜ አለ። አይሆንም። ምድጃው በጋገራ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ የሲሚንቶ ልጥፍ ይህን ስለማይችል ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ቁራጩን ይሰነጥቀዋል። ደግሞ ምጣዱ ተሰብሮ ልትቀይሩ ስትሉ መዶሻ ትፈልጋላችሁ።

አሁን ቁራጮቹን መጋጠሚያቸው ላይ በውሃ አርሷቸው፤ ደረቅ ሲሚንቶ የጭቃውን ውሃ ጠጥቶ ይላቀቃል። ጣት የሚያህል የጭቃ መስመር መጋጠሚያው ላይ አድርጉና አንዱን በአንዱ ላይ ግፉት፣ ትርፉ በሁለቱም በኩል ይውጣ። ከውስጥ በኩል በእርጥብ እጅ አለስልሱ፣ ከውጭ በኩል ወፈር አድርጉ። ከስር መደቡና ምድጃው የሚገናኙበትን ዙሪያውን በሙሉ ድፈኑ፤ ንፋስ በብዛት የሚሰርቀው እዚህ ነው። የድስት መቀመጫዎቹንም እንዲሁ።

ከዚያ ምጣዱ። ጠርዙ ላይ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነ የጭቃ ጥቅል ዙሪያውን አንጥፉ፣ ምጣዱን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በሁለት እጅ ጫን በሉት፣ ግራ ቀኝ ትንሽ አሽከርክሩት። እንደገና በሳህኑ ውሃ ለኩ። የቀረውን ክፍተት ከውጭ ድፈኑ። የማገዶው በርና የኋላው ቀዳዳ ብቻ ክፍት ይቀራሉ።

ለማየት የሚቀል መፈተኛ አለ፦ ማታ መብራት አጥፍታችሁ በማገዶው በር የእጅ ባትሪ አስገቡ። ብርሃን የሚያፈስ ቦታ ሁሉ ነገ ጭስ ያፈሳል።

ጭስ ማውጫ ያስፈልጋል?

የተለመደው ምርጥ ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ ይቀንሳል፣ ግን ከድስት መቀመጫው ወጥቶ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ጭስ አልባ ነው ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ዋሽቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ በመጣ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጋገራ የሚውለው ሕፃን ማለት ነው።

ጣሪያው ሳር ከሆነ ቱቦ በሳር ውስጥ አታሳልፉ፤ ይሄ ቤት ያቃጥላል። በዚያ ፈንታ ግድግዳው ላይ ከጣሪያው ስር አንድ ክንድ የሚያህል መስኮት ከምድጃው በኩል ክፈቱ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሌላ። ንፁሁ አየር ከታች ሲገባ ጭሱ ከላይ ይወጣል።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቱቦ ማውጣት ይቻላል፤ ለቱቦ የተዘጋጀ የድስት መቀመጫ አምራቹን ጠይቁት፣ ከሌለው መቀመጫውን በጭቃና በድንጋይ አጥብባችሁ ቱቦውን አስገቡበት። የቆርቆሮ ሠራተኛ ዘንድ ሄዳችሁ ስፋቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ አሠሩ። የቱቦው ቁራጮች ሲገጣጠሙ፣ ቤት ውስጥ ባለው ክፍል የላይኛው ቱቦ ጠባብ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ። ብዙ ሠራተኛ በተገላቢጦሽ ነው የሚያደርገው። ጭሱ ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ፈሳሽ ይሆናል፤ ጫፉ ወደ ታች ከሆነ ፈሳሹ በውስጥ ወርዶ እሳቱ ውስጥ ይቃጠላል፣ ወደ ላይ ከሆነ በቱቦው ውጭ ወርዶ ግድግዳውን ያበላሻል።

ቱቦው ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ መታጠፍ ካለበት ሁለቴ እንጂ አይብለጥ፣ ተጋድሞም ረጅም አይሂድ። ከማንኛውም እንጨት 45 ሳንቲሜትር ይራቅ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ በሁለት ማገሮች መሀል፣ ከሁለቱም እኩል ርቆ ይለፍ። ርቀቱ ካልበቃ እንጨቱ ላይ ቆርቆሮ ምቱበት፣ ግን በቆርቆሮውና በእንጨቱ መሀል ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር አየር ይኑር፤ ተጣብቆ የተመታ ቆርቆሮ ሙቀቱን ያሳልፋል። ከጣሪያው በላይ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ይውጣ፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣሪያ ክፍልም 60 ሳንቲሜትር ይብለጥ። አጭር ከሆነ ንፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይደፍቀዋል። ዝናብ እንዳይገባ ቆብ ይደረግለት፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ዙሪያም ፍሳሽ እንዳይገባ በደንብ ይታሸግ።

አዲስ የዚንክ ቱቦ መጀመሪያ ሲሞቅ ነጭ መጥፎ ጭስ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሳቶች በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ልጆች ውጭ ሆነው አንድዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጭስ ማውጫ ሙቀትም ያወጣል። ረጅም ቱቦ እሳቱን እየሳበ ማገዶ ሊያስጨርስ ይችላል። የቆርቆሮ ሠራተኛው ቱቦው ውስጥ የሚዞር መክደኛ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፣ ምጣዱ ከሰማ በኋላ ግማሽ ድረስ ይዘጋል። ፍም እያለ ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። ሽታ የሌለው የፍም መርዝ ወደ ቤት ይመለሳል።

ማድረቅ፣ ማሟሸት

ጭቃው በበጋ አራት ቀን፣ በክረምት ሳምንትና ከዚያ በላይ በጥላ ይድረቅ። ትንንሽ ስንጥቅ ካያችሁ በእርጥብ እጅ አለስልሱት። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት በጭራሮ ብቻ፣ ሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት። ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ትልቅ እሳት ካነደዳችሁ እንፋሎቱ ልጥፉን ያፈናቅለዋል፣ አዲስ ምጣድ ከሆነም ይፈነዳል።

ምጣዱ አዲስ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይሟሽ። የተፈጨ ጎመን ዘር በጨርቅ ይዞ እየደጋገሙ ማሸት፣ እስኪጠቁር፣ እስኪያበራ። ይኼን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው እንጀራ ከተጣበቀ ምድጃውን አትስደቡ፣ የምጣድ ማሟሻ ነው።

ማገዶውስ

ከባህር ዛፍ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። ያን ውሃ ለማትነን የሚወጣው ሙቀት ለእንጀራ አይደርስም፤ ጭሱም የሚበዛው ከዚያ ነው። ፍለጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ዝናብ በማይመታው ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ደርድሩት፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለቱን ስታጋጩ ይጮኻል። እርጥቡ ግን ዝም ይላል።

ለምርጥ ከሁለት ጣት የማይወፍር ፍልጥ፣ ርዝመቱ እስከ ክንድ ይሁን። ጭራሮም፣ የማሽላ አገዳም፣ ኩበትም ይሄዳል። የማገዶውን በር አትጠቅጥቁት፤ ከላዩ አንድ ሦስተኛው ክፍት ይቅር፣ ከስሩም ትንሽ ድንጋይ ወይም ብረት አድርጉና እንጨቱን በሱ ላይ አጋድሙ፣ አየር ከስር እንዲገባ። ጫፉ ብቻ ይንደድ፣ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ግፉት።

ከኋላ ባለው መቀመጫ ላይ ሁልጊዜ ውሃ ወይም ሽሮ ጣዱ። ቱቦ የሌለው ከሆነ ድስቱ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ እንዳይዘጋው፤ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ዙሪያውን ይተው፤ አለበለዚያ ጭሱ በማገዶው በር ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይመለሳል። የጋገራው ፍም በላቀች ላይ ቡና ያፈላል። በር ተከፍቶ ይሁን እንጂ፣ ለሙቀት ብላችሁ ወደ መኝታ ቤት አታስገቡት፤ በየዓመቱ በብርድ ወራት ቤተሰብ እንዳለ የሚሞተው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ

አመዱን በየጋገራው ሙልጭ አድርጋችሁ አታውጡ፤ ሁለት ጣት ያህል ስሩ ይቅር፣ ከዚያ በላይ የሆነውን በቆርቆሮ ዕቃ አውጡ። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም እስከ ማግስቱ ይቆያልና ከጭድ አጠገብ አትድፉት። ቱቦ ያለው ቤት በወር አንዴ ቱቦውን አንኳኩቶ ጥቀርሻውን ያራግፍ፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጆንያ አስሮ መጥረግ ይበቃል።

በየሁለት ወሩ የእጅ ባትሪውን ማታ መልሳችሁ አስገቡ። ብርሃን ካፈሰሰ ያንኑ ጭቃ ትንሽ ለውሳችሁ ድፈኑ። የጋጋሪዋ እግር ያለበት በኩል መጀመሪያ ይሰነጠቃል፤ ሁሌም እዚያ ነው።

ከአራቱ ቁራጭ አንዱ ከዳር እስከ ዳር ቢሰነጠቅ ምድጃው አለቀ ማለት አይደለም። ምድጃውን በወፍራም ሽቦ ዙሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ለወራት ያሠራል። ሙሉ ቁራጭ ልትቀይሩ ከፈለጋችሁ ግን ከዚያው አምራች፣ ከዚያው ቅርጽ ማውጫ የወጣ ይሁን፤ የሌላ ሰው ሥራ በአንድ ሳንቲሜትርም ቢሆን ይለያያልና አይገጥምም።